እስከዳር ነው ያለው

ሚካኤልን! የምነግራችሁ ነገር አንዲት ቃል ውሸት የለበትም። ያላመነ የደምበጫን ባጃጅ ነጂዎች ይጠይቅ፤ አለበልን የማያውቅ የለም።

አለበል ዲማ ቅኔ ሊማር ገብቶ፣ መምህሩን በቅኔ ወግቶ የተባረረ ነው። ባጃጅ የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። እስከዳር ደግሞ ከደብረ ማርቆስ የመጣች የቅርስ ባለሙያ ናት። በየቀኑ ወደ አሮጌው እስር ቤት የሚያደርሳት እሱ ነበር፤ ጣራው ወድቆ የድንጋይ ግድግዳው ብቻ ወደ ቀረው፣ በቀይ ሽብር ብዙ ሰው ገብቶ ወዳልወጣበት ቤት።

ግድግዳው ላይ እስረኞች በምስማር የጫሩት ስም አለ። አንደኛው «መምህር አምሳሉ» ይላል፤ የእስከዳር እናት አባት ናቸው። ቤቱ በቅርስነት ካልተመዘገበ ሊፈርስ፣ ድንጋዩም ለመጋዘን ሊወሰድ ነው።

«አያትሽ መልከ መልካም ነበሩ?» አላት አንድ ቀን።

«ምነው?»

«ከማን እንደወጣሽ ልወቅ ብዬ ነዋ።»

«ዓይንህን መንገዱ ላይ አድርግ፣ አንተ ቀልማዳ!»

በመስተዋቱ ውስጥ ግን ስትስቅ አያት።

የልቡን በአፉ መናገር አቃተው። አንድ ቀን ብቻውን ሄደና ከስሞቹ ጎን በምስማር ጫረ፤ ያረጀ እንዲመስልም ጥላሸት ቀባው፦

«ሥጋዬን ቢያስሩት በድንጋይ ከልለው፣
የኔስ ልብ እስከዳር፣ እስከዳር ነው ያለው።»

ሰሙ የእስረኛ ጽናት፣ ወርቁ እሷ። ወርቁን አግኝታ ትስቃለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ሰሙን አንብባ አለቀሰች። «እስከ መጨረሻው ነው ያለው» እያለች በጣቷ ዳሰሰችው፤ ፎቶ አንስታም ከቅርስ ምዝገባው ማመልከቻ ፊት አደረገችው። አለበል እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። እንባዋን አየና ዘጋው።

ማመልከቻውን የሚያጣሩ መርማሪዎች መጡ። አንዱ አውራ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ግጥሙን አሸት አሸት አደረገው። ጣቱ ጠቆረ።

«ይኼ የትናንት ነው። ሌሎቹስ የትናንት አለመሆናቸውን በምን እናውቃለን?» አለና ፋይሉን ዘጋ።

ያን ጊዜ እንኳ አለበል «ይቺ የኔ ናት፤ ሌላው እውነት ነው» ማለት ነበረበት። መምህሩን የወጋበት ምላስ የት እንደገባ እንጃ።

እሱ የተናገረው፣ ግድግዳው ፈርሶ ድንጋዩ ሲጫን ነው።

«እስከዳር፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ወርቁ አንቺ ነሽ።»

ዓይኗን ድንጋዩ ከሚጫንበት መኪና ላይ አልነቀለችም።

«በወረቀት ጽፈህ ብትሰጠኝ ምን ነበረበት?» አለችው በመጨረሻ። «ስጠብቅህ ነበር እኮ።»

በማግስቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ተሳፈረች። ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮት ዞር ብላ አየችው።

አሁንማ ሚካኤልን ጠርቻለሁና አልዋሽም፤ አንዷን ጨምሬያለሁ። ዞር ብላ አላየችውም። አለበል ሲያጫውተኝ እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ዝምታው አንጀቴን በላኝና እኔ ነኝ ያዞርኳት።