ጭምብሉ የወለቀ ቀን

ሩቂያ ሀይደርን ያወቀችው በአባቱ አልጋ ራስጌ ነው። እሷ ሆሳዕና በሚገኝ ሆስፒታል ነርስ፣ እሱ የሀደሮ ከተማ ሰው፣ የአይሱዙ ጭነት መኪና ሹፌር። ዕድሜያቸውን በወፍጮ ቤት ብናኝ የጨረሱት አባቱ፣ አቶ ዑመር፣ የሳንባቸው ቧንቧ ጠቦ፣ አየር በጭምብል የሚገፋ ማሽን ተገጥሞላቸው ነበር።

ሽማግሌው ጠያቂ በመጣ ቁጥር ጭምብሉን ያወልቃሉ። አፍን ሸፍኖ ሰው መቀበል ነውር ነው ባይ ናቸው።

«ኧረ አባባ፣ ይመልሱት!»

«አንቺ ስትቆጪ ልጄን ደስ ስለሚለው እኮ ነው» ይሏታል።

ሀይደር ያቀረቅራል። ያችን ማቀርቀሩን ወደደችለት።

አንድ ቀን ከሰዓት የሩቂያ አባት አቶ ያሲን ሊጠይቋቸው መጡ። አቶ ዑመር፣ ሀይደር አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ፣ ጭምብሉን አወለቁ።

«ያሲን ወንድሜ... ሽማግሌ ልኬ ደጅህን መጥናት ነበረብኝ። አቅም አጣሁ። ሩቂያን... ለሀይደር...»

ሩቂያ ይህን ስትሰማ በሩ ላይ ቀረች። ለትዳር ስትጠየቅ ሴት ልጅ መሀል አትገባም። አየሩ ወደ ውጭ ሲፈስ ማሽኑ ይጮህ ጀመር፤ እግሯ ግን አልላወስ አለ። ነርሷ ጠፍታ የአቶ ያሲን ልጅ ብቻ ቀረች። አባቷ «ሰጥቻለሁ» ካሉ በኋላ ነው የገባችው። የአቶ ዑመር ከንፈር ጠቁሯል። ጭምብሉን መለሰች፣ ሐኪም ጠራች። በማግስቱ አረፉ።

ከዚያ ወዲህ ያ ጩኸት አልለቃት አለ። ገበያ መሀል ይሰማታል፣ ሶላት ላይ ይሰማታል። ዞር ስትል ማሽን የለም። የኒካሁ ቀን ሊቆረጥ ሲል «አላገባም» አለች።

ሀይደር ከሀደሮ ገስግሶ መጣ። ታካሚ በሞላው የሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ጠልተሽኝ ነው?»

«አባትህን ገደልኳቸው። ማሽኑ ሲጮህ እየሰማሁ፣ አፍሬ ቆምኩ።»

ሀይደር አቀረቀረ።

«እኔስ? አጠገቡ አልነበርኩም? ጭምብሉን አንስቼ ነበር፤ በዓይኑ ቆይ አለኝ። አንቺን እንዲጠይቅልኝ ስለፈለግሁ ቆየሁ። መኪናው ውስጥ ብቻዬን ስሆን ማሽኑ ይጮህብኛል፣ ሩቂያ።»

እሷ ላይ ብቻ የሚጮህ መስሏት ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የያዙ የአባቷ ጎረቤቶች ሳይቀሩ እያዩዋት፣ እጁን በሁለት እጆቿ ያዘች።

«ከእንግዲህ ብቻህን አትሰማውም» አለችው።