ከጸበሉ ሥር የቀረው

በ2010 ዓ.ም. ሁዳዴ ካርቱም ውስጥ ዳቦ በሰልፍ ነበር። ነዳጅ ጠፋ። ባንክ የሰው ገንዘብ ይዞ አልሰጥም አለ። መድኃኒት ከፋርማሲ መደርደሪያ አለቀ። ሙቀቱ ብቻ አልጎደለም።

በዚያ ሰሞን ካላክላ በሚባለው የከተማው ሰፈር ስደተኛው ካሣዬ ትውከቱ ላይ ተደፍቶ ሞተ። ምግቡን የምታበስለው ልጁ ናርዶስ ነበረችና ፖሊሱ ሙሄዲን «መርዛዋለች» ብሎ አሰራት።

በማግስቱ ወለተማርያም መጣች። የድሮ ነርስ ናት። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ በወባ ስትንቀጠቀጥ፣ ካሣዬ በጀርባው አዝሎ ድንበር አሻግሯታል። ለዚያ ውለታ ምንም መልሳለት አታውቅም።

ክፍሉ ይከረፋል። አፍንጫዋን አልያዘችም። አከራይዋን ረሺዳን ጠየቀች።

«የሚያስመልሰው መቼ መቼ ነበር?»

«ጧት ጧት። ወላሂ፣ መነሣት ያቅተው ነበር። ከዐስር ሶላት በኋላ ግን በር ላይ ተቀምጦ ‹ሻይሽ ውኃ ነው› እያለ ይሰድበኛል። ትናንት ትኩሳት ተጨመረበትና ሳይነሣ ቀረ።»

አብሮት የሚኖረው የእህቱ ልጅ ነቢዩ ጥግ ቆሟል።

«በየቀኑ የሚውጠውን ኪኒን ማን ነበር የሚሰጠው?»

«የጧቱን እኔ፣ የዘጠኝ ሰዓቱን ናርዶስ። እትዬ፣ እኔ በጸበል በጥብጬ ነው የምሰጠው። ጸበል ሳይቀምስ ሌላ አይቀምስም።»

ከሥዕለ ማርያም ሥር አንድ ኩባያ ተከድኖ ተቀምጧል። ከፈተችው። ከትራፊው ጸበል ሥር ነጭ ዝቃጭ አለ። በጣቷ ነክታ ቀመሰች። ከዚያ ናርዶስ የከሰዓቱን ከምታስቀምጥበት ብልቃጥ አንዲት ኪኒን አውጥታ ላሰች።

ወለተማርያም ብታስጠራው ሙሄዲን ናርዶስን በካቴና አምጥቶ ሁሉም ተሰበሰቡ።

«ካሣዬ ከአንጎሉ ሥር ያለችው እጢ በቀዶ ጥገና ወጥታለታለች» አለች ወለተማርያም። «የእሷ ሥራ ጎህ ሲቀድ ኮርቲዞል የሚባለውን ሆርሞን ማስመንጨት ነበር። ሆርሞኑ ጧት ይበዛል፣ ወደ ማታ ያንሳል። የሆርሞኑ ምትክ የሆነው ኪኒንም እንደዚያው ነው፤ ጧት ሁለት፣ ከሰዓት ግማሽ።»

«ምግቡስ?» አለ ሙሄዲን።

«የምታበላው ቀትርና ማታ ነው። መርዝ ቢሆን ከበላ በኋላ ይብስበት ነበር። እሱ ግን ጧት እየወደቀ፣ የናርዶስን ግማሽ ሲውጥ ይነሣል። የጎደለው የጧቱ ነው። ትኩሳት ሲመጣ ደግሞ ሰውነት ሆርሞኑን አብዝቶ ይፈልጋልና ግማሿ አላቆመችውም።»

«በእጄ ነው ያጠጣሁት!» አለ ነቢዩ።

«አጠጥተኸዋል። የናርዶስ ኪኒን ይመራል፤ የአንተ ይኮመጥጣል። ቫይታሚን ሲ ነው።»

ነቢዩ መሬት መሬት አየ። «መድኃኒቱ ከገበያ ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ ነካ… ትንሽ ትንሽ ነው የሸጥኩት።»

«ሲያስመልሰው እያየህ?» አለች ወለተማርያም።



«ኩባያውን ለምን አላጠበውም?» አለ ሙሄዲን።

«ጸበል ቆሻሻ ላይ አይደፋማ! የአጎቱን ነፍስ ሲሸጥ ያላፈረው ይሄን ፈራ።» ወለተማርያም ደጅ ወጥታ ተፋች።

ካቴናው ከናርዶስ ወደ ነቢዩ እጅ ዞረ። ናርዶስ በሩ ጋ ስትደርስ መሄድ አቅቷት ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ወለተማርያም ጀርባዋን ሰጥታ አጎነበሰች።

«ነይ፣ ታዘይ።»

«እትዬ፣ ወገብዎ!»

«ዝም በይ። እኔም አባትሽ ሲያዝለኝ እንዲሁ ብዬው ነበር።»

እስከ አውቶቡሱ መቆሚያ ድረስ አዘለቻት።