እስከ ደጃፋችን የተገፋ ሞተር

ዓምደሚካኤል መጀመሪያ ወደ ሱቃችን የመጣ ቀን በጋዜጣ ከጠቀለለው ውስጥ የሲኒ አፍ የምታክል ክብ ሰዓት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። መስታወቷ ተሰንጥቋል፤ ከኋላዋ ሁለት ሽቦ ተንጠልጥሏል።

ዘመኑ 1976 ዓ.ም. ነው። አባቴ አቶ አርአያ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ዛሬ ከሰፈሩ ጋር በፈረሰች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰዓት ይጠግን ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ ከእሱ ጋር እውላለሁ፤ ሰዓት እቀበላለሁ፣ የደንበኛ ስም እጽፋለሁ።

«የምን ሰዓት ነው?» አልኩት።

«የሞተር ብስክሌት።»

«ሞተሩስ?»

«ግማሹ አልጋዬ ሥር ነው» አለ ዓይኑን ሰበር አድርጎ። «ግማሹ ሠራተኛ ሰፈር ጋሽ ሽኩር ጋራዥ።»

ሳቅሁ። እሱም ሳቄን እንደሰማ ቀና አለና ታሪኩን ነገረኝ። እሱ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ካርታ ይነድፋል። ሞተሩ ጀርመን ሠራሽ፣ ሁለት ሰው ይዞ ረጅም መንገድ በፍጥነት እንዲሄድ የተሠራ፣ ከፊት ለፊቱ የንፋስ መከላከያ ያለው ትልቅ ሞተር ነው። ባለቤቱ የውጭ አገር ሰው፣ ከእንጦጦ ሲወርድ ወድቆበት ሞተሩ ለዓመት ላስቲክ ለብሶ ተኝቶ ነበር። ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ ዓምደሚካኤል በቁራጭ ብረት ዋጋ ገዛው። ፈትቶ፣ አጥቦ፣ እንደገና ሊገጥመው ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ሰማሁ። «ሰውዬው ተረፈ?»

«እግሩ ብቻ ነው የተሰበረው።»

ይቺ «ብቻ» ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋችም። ሰው አሥር ደቂቃ ከዘገየ የለቅሶ ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ የማስብ ሰው ነኝ፤ ያኔም እንዲሁ ነበርኩ።

አባቴ ሰዓቷን ለማክሰኞ ቀጠረው። ሰኞ መጣ። ማክሰኞም መጣ። ረቡዕ ደግሞ ፍጥነት የሚቆጥረውን ይዞ መጣ። የሚጠገን ነገር ሲያልቅበት ባዶ እጁን መጣ፤ አባቴም መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየውና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ከሥራ መልስ ፒያሳ ኬክ ቤት መገናኘት ጀመርን። ጥፍሩ ሥር የገባው ግራሶ ስለሚያሳፍረው እጁን ጠረጴዛው ሥር ይደብቃል። ማኪያቶውን ሊያነሣ ሲል ለአፍታ ብቅ ትላለች። እኔ ያቺን አፍታ እጠብቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጋራዥ ወሰደኝና ከሞተሩ አጥንት ላይ የኋለኛውን ወንበር አሳየኝ። «ይሄ ያንቺ ነው» አለ። እኔ የታየኝ አስፋልቱ ነው። መቼም አልቀመጥበትም አልኩት።

«ገና ጎማ የለውም» አለኝ። «ለመፍራት ጊዜ አለሽ።»

ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ ላከ። ከሦስቱ አንዱ ጋሽ ሽኩር ነበር። አባቴ በትዕግሥት ሰማቸው። ነገር ግን መቀሌ የሚኖር የወዳጁ ልጅ፣ መድኃኒት ቤት ያለው ሰው፣ አስቀድሞ ጠይቆት ነበር። ስለዚህ ስለ ዘሩም ስለ ደመወዙም ሳይጠይቅ ሞተሩ ተነሥቶ እንደሆነ ጠየቀ። ሽኩር እየተነሣ ነው አለ።

«በእኔ ሥራ» አለ አባቴ፣ «ሰዓት ፈትቶ በመሐረብ ቋጥሮ ከሚመልስ የባሰ ሰው የለም። የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ሞተሩ በገዛ ጉልበቱ ደጃፌ ከመጣ እንነጋገራለን። ካልመጣ ለመቀሌው እሺ እላለሁ።»

ዐቢይ ጾምን በሙሉ ዓምደሚካኤል እንቅልፍ አልነበረውም። የሌለውን ዕቃ በቶርኖ አስቀረጸ፤ የተጣመመውን አቃና። በሰሙነ ሕማማት ሞተሩ ተነሣ። ድምፁን የሰማ ሁሉ ተደሰተ። እኔን እስካሁን ያስፈራኝ አለመነሣቱ ነበር፤ አሁን ደግሞ መነሣቱ አስፈራኝ። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ በሚወጣው ዳገት ላይ አውቶቡስ ሥር ገብቶ ይታየኝ ነበር።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ከቅዳሴ ስወጣ ከጊዮርጊስ በትንሽ ጠርሙስ ጠበል ቀዳሁ። ጎማውን ልረጨው ነበር ያሰብኩት። ጋራዥ ስደርስ ግን እሱ ልብሱን ሊቀይር ገብቷል፣ ሞተሩ ብቻውን ቆሟል። ይህን ሁሉ ብረት የሚያንቀሳቅሰው ሰልባቲዮው ውስጥ ያለው ቤንዚን ነው ብዬ አሰብኩ። ክዳኑን ከፍቼ ጠርሙሱን እስከ መጨረሻው ጠብታ ገለበጥኩት፤ አማተብኩ፤ እየሮጥኩ ወደ ቤት ሄድኩ። ልቤ እንደዚያ አርፎ አያውቅም።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከአባቴ ጋር ደጃፍ ተቀምጠዋል። ከታች የሞተሩ ድምፅ ተሰማ፣ ቀረበ፣ ከዚያም ቀጥ አለ። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ ጆሮዬን አቀናሁ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ብቅ አሉ። ዓምደሚካኤል በሙሉ ልብስ መሪውን ይዞ ይገፋል፣ ሽኩር ከኋላ ይገፋል። ኮቱ ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቋል። በሕይወት አለ ብዬ አመሰገንኩ፤ ቀጥሎ ነው ሞተሩ በገዛ ጉልበቱ እንዳልመጣ የገባኝ።

«ዳገቱ መሐል ጠፋ» አለ ሽኩር እያለከለከ። «እኔን ከጠየቃችሁኝ ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ አለ። በኩፖን ቤንዚን ብለው ሻወር ነው ያደሉን።»

ዓምደሚካኤል አባቴን አየ። «ቤንዚኑን በጨርቅ አጥልዬ የሞላሁት በእጄ ነው። ውሃ ከገባ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እጅህ አይታመንም» አለ አባቴ።

«አዎ» አለ። ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሣና መሪውን ወደ ቁልቁለቱ አዞረ። ወደ እኔ አላየም። ሆን ብሎ እንደሆነ አንገቱ ይናገር ነበር።

ሽማግሌ በተቀመጠበት ሴት ልጅ አትናገርም። እኔ ግን ወጥቼ ሞተሩ ፊት ቆምኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ጠበል ጨምሬበት ነው።»

አባቴ ተነሥቶ የሰዓት ማያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ፣ ተንበረከከ፣ ዓምደሚካኤልም ከካርቡራቶሩ ሥር ያለችውን ጽዋ ፈትቶ ሰጠው። ከቤንዚኑ ሥር ውሃው እንደ ብልጭልጭ ዶቃ ይንከባለል ነበር።

ሽኩር ጽዋዋን ተቀብሎ መንገዱ ላይ ሊደፋ ሲል አባቴ እጁን ያዘው። «ጠበል በእግር ይረገጣል እንዴ?»

«እኔ እስላም ነኝ» አለ ሽኩር፣ «ግን እኔም አልደፋውም። የት ይሁን ታዲያ?»

አባቴ አሰበ። ጣሳ አስመጣና ከሰልባቲዮው ሥር ያለውን ሁሉ አስቀዳ፤ ጣሳውን ፀሐይ ላይ አስቀመጠው። ቤንዚኑ ይበናል፣ ጠበሉ ይቀራል አለ። ሁላችንም ዙሪያውን ተቀምጠን ጠበቅን። ሽኩር ያወጣውን ሲጋራ መልሶ ኪሱ ከተተ።

«ጓለይ» አለኝ አባቴ በአገሩ ቋንቋ፣ ልጄ ማለቱ ነው። «ለምን ጨመርሽበት?»

«እንዳይሞትብኝ» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ዓምደሚካኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር እጆቹን ሳይደብቅ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አየኝ።

«ሥራው እንከን የለውም» አለ አባቴ። «ያልነካውን ጥፋት የእኔ ነው ብሎ ሊሄድ ነበር። ለመቀሌው ይቅርታ ብዬ እኔ እጽፍለታለሁ።»

ፀሐዩ ቤንዚኑን እስኪያነሣው አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ከዚያ አባቴ ጣሳው ውስጥ ጣቱን ነከረና መጀመሪያ የዓምደሚካኤልን፣ ቀጥሎ የእኔን ግንባር ቀባ። ጠበሉ አሁንም ትንሽ ትንሽ ቤንዚን ይሸት ነበር፤ ሁለታችንም ፊታችንን ሳንታጠብ አመሸን።