ባዶውን የዞረ ኮርቻ

እሳቱን ተዉት። አትቆስቁሱት። ትንሽ ቢጨልም ምን አለበት? ጨለማ ልታዩ አይደል እንዴ ከከተማ ድረስ የመጣችሁት? ሦስት ቀን ሙሉ ፈረስ ላይ ተቀምጣችሁ “ኧረ መቀመጫችን ተላጠ” ስትሉ ስሰማ ነው የከረምኩት። አሁን መሬት ላይ ናችሁ። አርፋችሁ ስሙ።

አንተ፣ ባለ ቀይ ጃኬት፣ ያን የስልክ መብራት አጥፋው። ዓይኔን ወጋኸኝ። ተባረክ።

የምነግራችሁ ነገር የሆነበት ሰዓት ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ጀንበር ገብታለች፣ ጨረቃ የለችም፣ ጭጋግ ከሸለቆው እየወጣ ነው። መንገዱ ደግሞ ነገ እኛ የምንሄድበት መንገድ ነው። በግራ ገደል። በቀኝ ቀጥ ያለ ቋጥኝ። መሀሉ አንድ ፈረስ ብቻ ያሳልፋል። ቁልቁል ስታዩ ዛሬ ጠዋት የጎበኘነው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ይታያል። በዚያ መንገድ በዚያ ሰዓት ሰው ይሄዳል? አይሄድም። አንድ ጊዜ ግን የሄዱ ነበሩ።

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። እዚህ አካባቢ አንድ ሰው ነበር። መንደሩን አልናገርም፣ ዘመዶቹ አሉ። ጓንጉል ይባላል። ሥራው ምን ነበር? የእኔ ሥራ ነበር። ከከተማ ለሽርሽር የሚመጡ ሰዎችን በፈረስ ተራራውን ያዞራል። የጥንቱን ቤተ ክርስቲያን፣ የፈረሰውን ቤተ መንግሥት፣ ጦር የተሰለፈበትን አምባ ያሳያል። በሦስተኛው ቀን መልሶ መንደሩ ያደርሳቸዋል።

ጓንጉል ዳማ የምትባል ባዝራ ነበረችው። እናቷ እሷን ስትወልድ ሞታ እሱ ነው የላም ወተት በቀንድ እያጠጣ ያሳደጋት። ያን ክረምት ሙሉ በረት ውስጥ አብሯት ተኛ። ሚስቱ “እሷኑ ባገባህ” ትለው ነበር። እውነቷን ነዋ። ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚወዳት እሷን ነበር።

ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ጉድለት ነበረበት። እንግዳ ፊት “የለኝም” ማለት አይችልም። “አይሆንም” ማለት አይችልም። ይሉኝታ ያንቀዋል።

አንድ ቀን ሁለት እንግዶች መጡ። አቶ ዳምጠው የሚባል ሰውና ባለቤቱ ወይዘሮ የሺመቤት። እሳቸውን አንቱ እላለሁ፣ ባልየውን ግን አልልም። አቶ ዳምጠው ትልቅ ሰው ነው፣ በሥልጣንም በሆድም። ቦት ጫማው ጉልበቱ ድረስ ይመጣል፣ ተረከዙ ላይ የብረት መውጊያ አለው። ፈረሶቹን በዓይኑ ለቀማቸው።

“ያችን ነው የምፈልገው” አለ ዳማን እያሳየ።

ጓንጉል እሺ አለ። ሰውየው ቀጥሎ ኮርቻውን አየ።

“ይሄ ምንድን ነው? ጆንያ መሰልኩህ እንዴ የምትጭነኝ?”

ጓንጉል “ሌላ የለኝም ጌታዬ” ማለት ነበረበት። አለ? አላለም።

“የተሻለ አመጣለሁ ጌታዬ” አለ።

ከየት ነው የሚያመጣው? ዛሬ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ያሳዩንን ኮርቻ ታስታውሳላችሁ? ቀዩን፣ ብር የተለበጠበትን? ገበዙ “እጃችሁን እንዳታሳርፉበት” ያሉንን? ያ የፊታውራሪው ኮርቻ ነው። ስሙን በሌሊት አልጠራም፣ ፊታውራሪው ይበቃል። በሕይወት ሳለ አንድ አሽከሩን እዚያ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ቢያገኘው ገርፎ ገደለው ይባላል። ሲሞት እንደ ወጉ ፈረሱን ጫኑለት፣ ጋሻውን አንጠለጠሉበት፣ በለቅሶተኛው መሀል ባዶውን አዞሩት። ባዶውን። ከዚያ ኮርቻው ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ፈረሱስ? ፈረሱ በአርባኛው ቀን ሞተ። ፊታውራሪው ኮርቻ አለው፣ ልጓም አለው፣ ፈረስ ግን የለውም። ይቺን ያዙልኝ።

የዚያን ጊዜው ገበዝ የጓንጉል አጎት ነበሩ። ማታውኑ ሄዶ ለመናቸው።

“ለሦስት ቀን ብቻ ነው አባቴ።”

“ለአፍታም አይሆንም” አሉት። “ይሄ ባዶውን የዞረ ኮርቻ ነው። ሰው ቢቀመጥበት ሊያስወርደው ይመጣል። የጫንክበት ፈረስ ደግሞ የእሱ ፈረስ ነው። ሰምተሃል?”

“ሰምቻለሁ አባቴ።”

ሰምቷል። በማግስቱ አጎቱ ቅዳሴ ላይ ቆመው ሳለ ገብቶ ወሰደው።

ዳማ ላይ ሲጭነው ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ። ጓንጉል አንገቷን ዳበሰና የሆዷን ጠፍር አጥብቆ አሰረ። አቶ ዳምጠው ሊወጣ ሲል ችግር መጣ። የድሮ እርካብ ልብ ብላችኋል? ቀለበት ነው። የድሮ ሰው በባዶ እግሩ ስለሚጋልብ የሚያስገባው አውራ ጣቱን ብቻ ነው። ቦት ጫማ ከየት ይገባል? ስለዚህ ሰውየው እግሩን እንዳንጠለጠለ ጉዞ ተጀመረ።

የመጀመሪያው ቀን። አቶ ዳምጠው ከፊት፣ ወይዘሮ የሺመቤት መሀል፣ ጓንጉል ከኋላ። ሦስት ፈረስ። ከሰዓት በኋላ ጓንጉል ከጀርባው የልጓም ድምፅ ሰማ። ቅጭል። ቅጭል። ዞረ። ማንም የለም። ፈረሱን አቆመ። ድምፁም ቆመ። ግን አንድ እርምጃ ዘግይቶ ነው የቆመው። ቅጭል። እንዲህ።

“ነፋስ ነው” አለ ጓንጉል። ነፋስ ልጓም አለው?

ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ሣሩ ነጥቶ አደረ። ጓንጉል ፈረሶቹን ሊጭን ተነሳ። የእሱ ኮርቻ ቀዝቅዟል። የወይዘሮ የሺመቤት ኮርቻ ቀዝቅዟል። የፊታውራሪው ኮርቻ ላይ እጁን ሲያሳርፍ ሞቃት ነበር። ሰው ገና አሁን እንደተነሳበት ወንበር ይሞቃል።

ሁለተኛው ቀን። ወደ ፈረሰው ቤተ መንግሥት ወጡ። መንገዱ ጭቃ ነው። ጓንጉል ከኋላ ሆኖ የዳማን ኮቴ እያየ ይሄዳል። ከኮቴዋ ጎን የሰው እግር ዱካ አለ። ባዶ እግር ነው። ፈረስ የሚስብ ሰው በሚራመድበት በኩል ነው። አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ጎን ወጥቷል፣ ዕድሜውን ሙሉ እርካብ ሲይዝ የኖረ ጣት ነው። ደግሞም የቆየ ዱካ አይደለም። ገና ውሃ እየሞላው ነበር።

ወይዘሮ የሺመቤት ፈረሳቸውን ገቱ።

“ጓንጉል፣ ከባለቤቴ ጎን የሚሄደው ሰውዬ ማነው?”

“ማንም የለም እመቤቴ።”

“ኩታ የለበሰው። ልጓም የያዘው።”

“የአገሬው ሰው ይሆናል እመቤቴ።”

አያችሁት? መጀመሪያ ማንም የለም፣ ቀጥሎ የአገሬው ሰው። ፈርቷል፣ ለመናገር ግን አፍሯል። ማታ እንደምንም ደፍሮ አቶ ዳምጠው ፊት ቆመ።

“ጌታዬ፣ ነገ ኮርቻውን ብንለውጠው ምን ይመስልዎታል? የባዝራዬ ጀርባ ተላጠ።”

“ያመጣኸው አንተ ነህ” አለ ሰውየው። “እኔ ለባዝራ ጀርባ አይደለም የመጣሁት። ሂድ ተኛ።”

ሄዶ ተኛ። በርታ ብሎ አንድ ቃል ቢጨምር ምናለበት? አልጨመረም።

ሦስተኛው ቀን። ምንጭ ዳር ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ። አቶ ዳምጠው እግሩን እያንጠለጠለ በአጠገባቸው ሲያልፍ አንዷ ጮክ ብላ፣ “ኧረ ልጁን አውርዱት፣ እግሩ አልደረሰለትም!” አለች። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አቶ ዳምጠው ፊቱ ጠቆረ። ትንሽ እንደሄዱ ፈረሷን አቆመ፣ ቦት ጫማውን አወለቀና ለሚስቱ ወረወረላቸው። ከዚያ ወፍራም አውራ ጣቱን ቀለበቱ ውስጥ ከተተ። በግድ ነው የገባው። የቀኙም የግራውም። እስከ ከሰዓት ሁለቱም አብጠው እንደ ቲማቲም ቀሉ። ለማንም አልተናገረም። እሱም በበኩሉ አፈረ።

እንግዲህ ያ መንገድ ላይ ደረሱ። ለዓይን ያዝ አድርጓል። ከቤተ ክርስቲያን በላይ ሲደረስ ከፈረስ ይወረዳል፣ ነገ እናንተም ትወርዳላችሁ። ጓንጉል ወረደ። ወይዘሮ የሺመቤት ወረዱ።

“ይውረዱ ጌታዬ፣ ወጉ ነው።”

“አልወርድም” አለ አቶ ዳምጠው። ምን ያድርግ? ጣቱ ተይዟል።

ያኔ ድምፁ መጣ። ቅጭል። ቅጭል። አሁን ከኋላ አይደለም። ከፊት ነው።

ጭጋጉ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እግር ነው። ቀጥሎ የኩታ ጫፍ። ቀጥሎ ልጓም የያዘ እጅ። ፊቱስ? ጓንጉል ስለ ፊቱ በተጠየቀ ቁጥር “አላየሁትም” ይል ነበር። ውሸቱን ነው።

“ውረድ” አለ የመጣው ሰው። አልጮኸም።

“ማነህ አንተ? መንገድ ልቀቅ!”

“ውረድ።”

“ጓንጉል፣ ይሄን ሰው አርቅልኝ።”

“ውረድ።”

ሦስት ጊዜ አለው። በሦስተኛው አቶ ዳምጠው ፊቱን አየ መሰለኝ፣ ሊወርድ ተጣደፈ። እግሩን ሳበ። ቀለበቱ አልለቅ አለ። እንደገና ሳበ።

“ጓንጉል፣ ጣቴ” አለ። እንደ ሕፃን ነው ያለው። “ጣቴ አልወጣም አለ።”

ጓንጉል ወገቡ ላይ ካራ ነበረው። ምን ማድረግ ነበረበት? ጠፍሩን መቁረጥ። በቃ። ጠፍሩ ቢቆረጥ ኮርቻው ከነሰውየው በቋጥኙ በኩል ይወድቃል፣ ዳማም ነፃ ትወጣለች። ሁለቱም ይተርፋሉ። ካራውን መዘዘ። ጠፍሩ ሥር አስገባ። ከዚያ አሰበ። ምን አሰበ በሉኝ። “የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው፣ ተቆርጦ ሲያዩት አጎቴን ምን እላቸዋለሁ?” ብሎ አሰበ። ሙት ፊቱ ቆሞ እሱ ይሉኝታ ያዘው! ካራውን መልሶ አወጣና ቋጠሮውን በጣቱ ሊፈታ ጀመረ። ጠፍሩ በጭጋጉ ርሶ አብጧል። ቋጠሮው ድንጋይ ሆኗል።

ባለ ኩታው ቸኮለ? አልቸኮለም። ዳማ ፊት ቆሞ የጓንጉልን ልጓም አወለቀና ጣለው። ይዞት የመጣውን አነሳ። ዳማ አፏን ከፈተችለት። ከጓንጉል በቀር ማንም ልጓም ሊያገባላት ቢሞክር የምትናከስ ባዝራ ነበረች። ለእሱ ግን አፏን ከፈተች። ከሁሉ የጓንጉልን ልብ የሰበረው ይሄ ነው።

ከዚያ ስቧት ሄደ። በመንገዱ? አይደለም። በግራ፣ በገደሉ በኩል። ጭጋጉ ላይ እንደ ሜዳ ተራመደ። ዳማም ተከተለችው፣ አቶ ዳምጠውም ላይዋ ላይ እንዳለ። ጓንጉልና ወይዘሮ የሺመቤት የሚወድቅ ነገር ድምፅ ጠበቁ። አልመጣም። ቅጭል ቅጭል የሚለው ብቻ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ከሩቅ አቶ ዳምጠው ሚስቱን “የሺ” ብሎ ጠራ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠራው።

ወይዘሮ የሺመቤት የባላቸውን ቦት ጫማ ታቅፈው ወደ መንደር ወረዱ። በማግስቱ አገሬው ገደሉን ሥር ለሥር አሰሰው። ሰውም የለም፣ ፈረስም የለም። ገበዙ ግን ዕቃ ቤቱን ሲከፍቱ ኮርቻው ቦታው ላይ ነበር። ርሷል። ጠፍሩ አልተቆረጠም። ቀኙ እርካብ ውስጥ ምን አገኙ? አልናገርም። ገና አሁን እራት በልታችሁ።

ጓንጉል ከዚያ ወዲያ ፈረስ ላይ አልወጣም። ሌሊት ሌሊት ካራውን ይዞ በየበረቱ ይዞራል፣ ተጭኖ ያደረ ፈረስ ካገኘ ጠፍሩን ይቆርጣል። የፈረሱ ባለቤት ሊመታው ሲነሳ “እኔ ዘግይቻለሁ፣ አንተ አትዘግይ” ይለዋል። እስኪሞት እንዲህ ነበር።

እኔም ለዚህ ነው ማታ ማታ ኮርቻዎቹን ሁሉ የማወርደው። ልጓሞቹንም አወልቅና እዚህ ጆንያ ውስጥ እከታለሁ። ይኸው፣ ተቀምጬበታለሁ። ስድስት ፈረስ፣ ስድስት ልጓም። አንድም ውጭ አልቀረም።

አንተ ባለ ቀይ ጃኬት፣ ዛሬ ጠዋት ገበዙ ዞር ሲሉ ቀዩ ኮርቻ ላይ ተቀምጠህ ፎቶ ስትነሳ ያላየሁህ መሰለህ? ጫማህን አውልቀህ፣ ጣትህን ቀለበቱ ውስጥ ከተህ ስትስቅ? አይቼሃለሁ። ቀኑን ሙሉ ሳልናገርህ የዋልኩት እንግዳ ማሳፈር ከብዶኝ ነው። እኔም ያው ጓንጉል ነኝ።

ቆይ። ዝም በሉ እስቲ።

ፈረሶቹ ጋ ነው። ሰማችሁ? ልጓሞቹ እኔ ሥር ናቸው ብያችኋለሁ። ታዲያ ያ የሚያቃጭለው ምንድን ነው?

ተቀመጥ አንተ! ብቻህን እንዳትነሳ። ማንም ብቻውን እንዳይነሳ፣ ዛሬም፣ ነገ እዚያ መንገድ ላይም። እጅ ለእጅ ተያያዙ።

ካራ የያዘ ማነው? ጠፍር የምቆርጥበት። ቶሎ በሉ።