ስድስት ዲግሪ ያደረው ፍሪጅ

ሲስተር መስከረም ሞታ የተገኘችው ግራ እጇን የመድኃኒት ፍሪጁ ላይ እንደጣለች ነበር። ሠራተኞችን ልታክም የመጣችበት ቦታ ከገለጉ መለስ ብሎ ያለ የሰሊጥ እርሻ ነው፤ መኝታዋም ሸራ የለበሰ የአሮጌ አይሱዙ ጭነት ማስቀመጫ። ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስቀምጣለች። የደከማት ሰው እንጂ የሞተች አትመስልም ነበር፤ በእርግጥም ደክሟት ነበር።

ዋና ኢንስፔክተር ባየሽ ከገንዳ ውሃ የደረሰችው ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በትራክተር ተጭና ነው። የኋለኛው ዝናብ መንገዱን ጭቃ ስላደረገው ለስምንት ቀን መኪና የሚባል አላለፈበትም፤ አይሱዙውም እዚያው ቀርቷል። ባየሽ በአስራ ዘጠኝ ዓመት የፖሊስ ሥራዋ ብዙ አስከሬን አይታለች። ይህኛውን ግን ሸራውን ገለጥ አድርጋ እንዳየችው መልሳ ጣለችና ጀርባዋን ለሰዉ ሰጥታ ቆመች። መስከረም በአንድ ግቢ አብራት የተከራየች ጎረቤቷ ነበረች፤ እሑድ እሑድ ፀጉሯን የምትሠራላትም እሷ ነበረች።

«እሺ» አለች ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ። «ይሄን ሰው ከጎማ ጋር ያሰረው ማነው?»

የታሰረው የመኪናው ሹፌር ጎሹ ነው። ያሰረው ደግሞ የእርሻው ወኪል ሙነወር፣ ድምፁ ከጀነሬተር የማይተናነስ ሰው።

«እኔ ነኝ! ትናንት ማታ ከሲስተር ጋር ሲጨቃጨቅ ያልሰማ የለም። ሁልጊዜ ጋቢና ውስጥ የሚተኛው ሰውዬ ትናንት ለብቻው ወጥ ሠሪዋ መጂዳ ዳስ ሄዶ አደረ። ለምን?»

ባየሽ ሳትመልስለት ከሳሉጎቹ፣ ለአጨዳ ከደጋ ከወረዱት የቀን ሠራተኞች መካከል፣ አንድ ጎልማሳ ወጣ። ባንተአምላክ ይባላል፤ የጎጃም ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ቀኝ ክንዱ ላይ ትኩስ የቃጠሎ ቁስል አለ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያርጉልኝ» አለ። «ወንድሜን ደሞዝን ካላዛር ይዞታል። ኸስድስቱ መድኃኒት አራቱን ሲስተር ሰጥተውታል፤ አምስተኛው ዛሬ ነው። ዛሬ ሆስፒታል ካልደረሰ ያልቅብኛል። መኪና የሚነዳ ደግሞ ኸጎሹ በቀር የለም። የሲስተርን ነገር እንኳ ገና አልነገርነውም።»

ሰዉ አጉረመረመ። አስከሬን ሳይነሳ ስለ መድኃኒት የሚያወራ ሰው ለብዙዎቹ ዓይን አውጣ ነው። ባየሽ ግን አልተቆጣችም። ወደ ፍሪጁ ማሳያ ተመለከተች፤ አስራ ሰባት ዲግሪ ይላል። ከሃያ አምስት ካለፈ መድኃኒቱ እንደሚበላሽ መስከረም ስንቴ ነግራታለች።

«ነገሩ ሳይጣራ ሹፌሩን አልለቅም» አለችው። «ስለዚህ ቶሎ እናጣራው። በመጀመሪያ ፍሪጁን ከትራክተሩ ባትሪ ጋር አገናኙልኝ፤ ሞተሩም እንዳይጠፋ።»

ትራክተሩ አይሱዙው አጠገብ ቆሞ መንደቅደቅ ያዘ። ምርመራው በሙሉ የተካሄደው በዚያ ጩኸት ውስጥ ነው።

ከጎሹ ጀመረች።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በዚሁ ፍሪጅ» አለ ጎሹ። «መጀመሪያ የመኪናውን ሞተር እያስነሳን አሳደርነው፤ ናፍጣው ሊያልቅ ሆነ። ቀጥሎ በባትሪ ብቻ አሳደርነው፤ ባትሪው ሞተ። ከዚያ የእርሻውን ጀነሬተር ለመንን። ቀን ቀን ችግር የለም፤ ሌሊት ግን ካምፑን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ሠራተኞቹ ሲጮሁባት ታጠፋዋለች፤ ፍሪጁ ሲሞቅ ተነስታ ታስነሳዋለች። አራት ሌሊት እንዲህ ሆና ዓይኗን አልከደነችም። ‹እኔ ልጠብቅልሽ፣ ተኚ› አልኳት። ‹የኔ ሥራ ነው› አለችኝ። ተናድጄ ‹እንግዲያው ከፍሪጅሽ ጋር ኑሪ› ብያት ሄድኩ።»

ወደ ሸራው ቀና ብሎ «ከዚያ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም» አለ።

ሙነወር ሳይጠራ መጣ።

«ማታ ጀነሬተሩን ማን አጠፋው?» አለችው ባየሽ።

«እኔ! ልክ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ። መቶ ሃያ ሰው ጎህ ሲቀድ ማጨድ አለበት፤ ካልተኛ በምን ጉልበቱ ያጭዳል? ለሲስተርም ነገርኳት። ‹እሺ፣ ፍሪጁ ሦስት ሰዓት ያህል ይችላል፤ በስድስት ሰዓት ግን አስነሳዋለሁ› አለችኝ።»

«አስነሳችው?»

«ምን ታስነሳለች! ሌሊቱን ሙሉ ኮሽ ያለ ነገር የለም። ጀነሬተሩም ይኸው፣ መጋዘኑ በር ላይ፣ ቦታው ነው።»

ባየሽ የጀነሬተሩን ክዳን ፈትታ አየች። ጠብታ የለውም።

«ሲያጠፉት ቤንዚን ነበረው፣ አቶ ሙነወር?»

«ሞልቼው...» አለ ሙነወር። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ።

እትዬ መጂዳ ለሠራተኞቹ ምግብ የሚያበስሉ የአምሳ ዓመት ሴት ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ሲያለቅሱ ድምፃቸው ተዘግቷል።

«ማታ ምን በላች?»

«ወላሂ ልጄ፣ ከኔው ሳህን ነው የበላችው። እኔ ይኸው አለሁ።»

«ያገኟትስ አንቱ ነዎት?»

«ጠዋት ሻይ ይዤላት ስሄድ ነው። ሸራው ዙሪያውን ከውጭ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ፈትቼ አንገቴን ሳስገባ ራሴን አዞረኝ፤ ድንጋጤ መስሎኝ ነበር።»

«ሌሊት የሰሙት ነገር አለ?»

«ስልኳ በስድስት ሰዓት ጮኸ። ጮኾ ጮኾ ራሱ ዝም አለ። ያኔ ምን አለ ተነስቼ ባያት!»

ባየሽ ብቻዋን መኪናው ላይ ወጣች። የጓደኛዋን እጅ ይዛ ጥፍሮቿን በብርሃን አየች፤ ከንፈሯንም አየች። የሞተ ሰው ይገረጣል፤ መስከረም ግን ደማቅ ቀይ ሆናለች። ከፍሪጁ ሆድ ውስጥ ሙቀቱን በየሰዓቱ የሚመዘግበውን ትንሽ መሣሪያ አውጥታ አነበበች። ወለሉን በእጇ ዳሰሰች፤ ጣውላው አርጅቶ ክፍተቱ ጣት ያስገባል። ከዚያ ወርዳ መኪናው ስር ተንበረከከች፤ አንድ እርጥብ ጆንያ እዚያው ተጥሏል። መሬቱ ላይ ጉንዳኖች በሰልፍ ይሄዱ ነበር፤ እያንዳንዱ አንዳንድ ነጭ ፍሬ ተሸክሟል። የጉንዳኖቹን ሰልፍ ተከትላ መኪናውን አንድ ጊዜ ዞረችው።

ቀጥላ ወደ አጨዳው ሄደች። የታጨደው ሰሊጥ እንዲደርቅ ነዶው ተደጋግፎ የሚቆምበትን ክምር ሂላ ይሉታል። በቅርብ ያሉት ሂላዎች ስድስት ናቸው። አንድ በአንድ እየተጠጋች አሸተተቻቸው። አራተኛው ጋ ስትደርስ ብዙ ቆየች። የማን እንደሆነ አንዱን ሠራተኛ ጠየቀችና መልሱን ስትሰማ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ቀትር ላይ ሁሉንም አይሱዙው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሁላችሁም ሌሊቱ ጸጥ ያለ ነበር ትላላችሁ» አለች። «አምናችኋለሁ። ፍሪጁ የሚለውን ደግሞ ስሙ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ዲግሪ። አራት ሰዓት፣ ዘጠኝ። ጠፍቶ ስለነበር መሞቅ ጀምሯል። አምስት ሰዓት ላይ ግን ተመልሶ ስድስት ገባ! ንጋት ላይ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ድረስ ስድስት ዲግሪ አደረ። የመኪናው ባትሪ የሞተ ነው። ታዲያ በምን ቀዘቀዘ? ጀነሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሯል፤ ቤንዚኑም ያለቀው ለዚህ ነው።»

«እንዴት ተደርጎ!» አለ ሙነወር። «ሲጮህ እኮ ሙት ይቀሰቅሳል!»

«ዝም ያሰኘው ሰው አለ። እሱን ነው የፈለግኩት። እስቲ ወደ መሬት ተመልከቱ። የደረሰ ሰሊጥ አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ይቆማል፤ ነዶው ካዘነበለ ፍሬው ይረግፋል። ለዚህ ነው ነዶን እንደ ሕፃን ቀና አድርጋችሁ የምትሸከሙት። እዚህ ሰሊጥ አልተዘራም፤ ፍሬው ግን መኪናውን ከብቦ ረግፏል። በጨለማ እየተቻኮለ ነዶ ያመላለሰ ሰው ነበር። ጀነሬተሩን መኪናው ስር አስገባው፣ በራሰ ጆንያ ሸፈነው፣ ከዚያ ዙሪያውን በነዶ ድርብ አድርጎ ልክ እንደ ሂላ ገጠመው። ድምፁ እዚያው ታፍኖ ቀረ።»

«ጭሱስ?» አሉ እትዬ መጂዳ ቀስ ብለው።

«ጭሱ በወለሉ ክፍተት ወደ ላይ ወጣ። የጀነሬተር ጭስ ውስጥ የማይታይና የማይሸት መርዝ አለ። የተኛን ሰው አያስነሳም። ደምን ያቀላል፤ የመስከረም ጥፍር የቀላው በዚያ ነው። እትዬ፣ ራስዎን ያዞረዎትም እሱ ነው። ሸራው በውጭ ታስሮ ስለነበር አየር አልገባላትም።»

«እና ማነው?» አለ ጎሹ ከጎማው ስር።

ባየሽ በእጇ ወደ ሂላዎቹ ጠቆመች።

«አራተኛው ሂላ ላይ ያሉት ነዶዎች ግርጌያቸው ጥላሸት ለብሷል፤ ቤንዚን ይሸታሉ። ሳሉግ የጓደኛውን ነዶ አይነካም፤ የሰው ላብ ነው። ይህም ሰው ያፈረሰው የራሱን ነው። ጎህ ሳይቀድ መልሶ አቆመው፤ ጀነሬተሩንም ወደ ቦታው መለሰ። ባንተአምላክ፣ ክንድህን ምን አቃጠለህ?»

«የጀነሬተሩ ጭስ ማውጫ ነው፣ እትዬ» አለ ባንተአምላክ ሳያቅማማ። «ሂላውን አፈረስህ ብለው አቶ ሙነወር እንዳይቆጡ ብዬ ነው ያልተናገርሁ። የረገፈውም የኔው ድካም ነው፤ ምንም አይደል ብዬ...»

ቃሉን አልጨረሰም። ወደ መኪናው ወለል አየ፣ ወደ ሸራው አየ፣ ወደ ባየሽ ዞረ።

«እትዬ... እኔ ነኝ?»

ባየሽ በዚያች ሰዓት ሌላ ሥራ ቢኖራት ተመኘች። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ባንተአምላክ ባለበት ተቀመጠ።

«ኸአራት ሰዓት በኋላ ሄጄ አየኋቸው» አለ። «እጃቸው ፍሪጁ ላይ ነበር፤ ተኝተዋል። አራት ሌሊት ለወንድሜ ብለው አልተኙም። ዛሬ እንኳ ይተኙ አልሁ። መድኃኒቱም እንዳይበላሽ ጀነሬተሩን አመጣሁ። በሽታውን የምታመጣዋ ዝንብ እንዳትገባ፣ ‹የምትተኙበትን ዳር ዳሩን አጥብቃችሁ እሰሩ› ብለው ያስተማሩን ራሳቸው ናቸው፤ ሸራውን አጥብቄ አሰርሁላቸው። ጆንያው በደረቀ ቁጥር ውሃ እያፈሰስሁ ደጅ ቁጭ ብዬ አነጋሁ። በስድስት ሰዓት ስልካቸው ጮኸ። አልተነሱም። እንቅልፉ ጣፍጧቸዋል ብዬ፣ እትዬ፣ ደስ አለኝ።»

እትዬ መጂዳ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ሙነወር፣ ያ ሁሉ ጩኸቱ የት እንደገባ እንጃ፣ ጎንበስ ብሎ የጎሹን ገመድ መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው አልፈታ ሲለው በጥርሱ ያዘው።

«ሕጉ በቸልተኝነት ሰው መግደል ይለዋል» አለች ባየሽ። «ዳኛ ፊት አቀርብሃለሁ። ያየሁትንም የሰማሁትንም ሳላስቀር እናገራለሁ።»

«እሺ እትዬ። ደሞዝስ?»

«ደሞዝ ዛሬ መድኃኒቱን ይወስዳል።»

የአይሱዙውን ሞተር በትራክተሩ ባትሪ አስነሱት። ባየሽ ሸራውን በሁሉም ጎን ራሷ ጠቅልላ ወደ ላይ አሰረችው። መስከረምን በጋቢ ጠቅልለው በአንድ በኩል አስተኟት፤ ደሞዝን ከጎጆው ተሸክመው በሌላ በኩል አስተኙት፤ ፍሪጁ በመካከላቸው ሆነ። ባየሽ ካቴናውን ከኪሷ አላወጣችውም። ባንተአምላክ ሳይጠየቅ ወጥቶ ፍሪጁ አጠገብ ተቀመጠ።

ትራክተሩ ከፊት እየጎተተ፣ አይሱዙው እያጓራ ከጭቃው ወጡ። ጎሹ በጋቢናው መስኮት ወደ ኋላ ዞሮ መስከረምን አየና ወደ መንገዱ ተመለሰ።

ጥቂት እንደሄዱ ደሞዝ ዓይኑን ገለጠ። ትኩሳቱ አሁንም አለ። በጋቢ የተጠቀለለውን ሰው አይቶ የወንድሙን እጅጌ ጎተተ።

«ሹፌሩን ቀስ በል በለው» አለ በሹክሹክታ። «ሲስተር ይነሱበታል።»

ባንተአምላክ እጁን፣ መስከረም የራሷን ባሳደረችበት ቦታ፣ ፍሪጁ ላይ አኖረ። ማሳያው ስድስት ዲግሪ ይላል።