አራት ጣት ምራቂ

«ሻሽ የምታስር ልጅ አይቀጥሩም አሉ» አለች ሰብሌ።

በዚያ ሳምንት ይህን ያላለችበት ቀን አልነበረም። በእረፍት ሰዓት አለች፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አለች። አሁን ደግሞ ኮልፌ ፌርማታ ላይ አንድ ጃንጥላ ሥር ተጣብቀው፣ የሰኔ ዝናብ ጫማቸው ውስጥ እየገባ፣ ደገመችው።

«ማን ነው ያለው?» አለች አልፊያ።

«ሰው ነዋ።»

«ሰውየው ስም የለውም?»

«አቦ አልፊያ! የሰማሁትን ነው የነገርኩሽ። ፒያሳ እኮ ነው። እዚያ ባንኮኒ ጀርባ የሚቆሙት ሴቶች ፀጉራቸውን ተተኩሰው፣ ጥፍራቸውን ተቀብተው ነው።»

«በፀጉር ከሆነማ አንቺንም አይቀጥሩሽም። የቁራ ጎጆ ተሸክመሽ ነው የምትዞሪው።»

ሰብሌ በክርኗ ጎሸመቻትና ሳቀች። አልፊያም ሳቀች፤ ወሬው ግን እንደ ዝናቡ ውስጧ ገብቶ ነበር።

የንግድ ትምህርት መምህራቸው ጋሽ ይመር ነገሩን ቁርጥ አድርገው ነግረዋቸዋል። ክረምቱን የሆነ መደብር ውስጥ ሽያጭ ሲለማመድ ያልከረመ ተማሪ በመስከረም አሥራ ሁለተኛ ክፍል አይገባም። ቦታ የሚፈልግላቸውም የለም። «ቦታ መፈለጉ ራሱ አንድ ትምህርት ነው» ብለው መነጽራቸውን ወለወሉ። ሰብሌ አጎቷ ጫማ ቤት ስላለው ምንም አልተጨነቀች። አልፊያ ደግሞ ጋሽ ይመር ተናግረው ሳይጨርሱ ልቧ ፒያሳ ደርሶ ነበር።

ያንን የጨርቅ መደብር ያየችው ገና ልጅ ሳለች ነው። እናቷ ዘይቱና ኮልፌ መደቧ ላይ የምትሸጠውን ጨርቅ ልታመጣ ስትሄድ ይዛት ወጣች፤ ሲመለሱ በፒያሳ በኩል አለፉ። ከመስታወቱ ወዲያ ሰማያዊ ጋውን የለበሰች ሴት፣ ከአንገቷ በቀይ ጥብጣብ መቀስ የተንጠለጠለ፣ አንድ ጥቅል ከፋይ ባንኮኒው ላይ ወርውራ ዘረጋችው። ጨርቁ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ከዚያ መቀሱን አነሳች፤ ሳትከፍት ሳትዘጋ እየገፋች ብቻ ከዳር እስከ ዳር አስኬደችው። አልፊያ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ቀረች። እናቷ እጇን ጎትታ እስክታስኬዳት ድረስ የመቀሱን ድምፅ በመስታወቱ ውስጥ የሰማች መስሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለጉዳይ በተላከች ቁጥር፣ መንገዷ ባይሆንም፣ በዚያ መደብር ፊት ለፊት ታልፋለች።

ለእናቷ ስትነግራት፣ ዘይቱና የተዘረጋ አቡጀዲ እያጠፈች ነበር።

«እኔ ጋ ተቀመጪ» አለች። «እኔስ የምሠራው ሽያጭ አይደለም? ጋሽ ይመርም ይምጡና ይዩ፤ ወንበር አላጣላቸውም።»

«እማዬ፣ ጋሽ ይመር መደብር ነው ያሉት እንጂ መደብ አላሉም።»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ አልፊያ ምላሷን ነከሰች፤ ግን ወጥቷል። ዘይቱና አቡጀዲዋን እንደገና ዘረጋችና እንደገና አጠፈችው።

ቦታ ልትጠይቅ በሄደችበት ቀን አልፊያ ከቤት ስትወጣ አረንጓዴ ሻሿን አስራ ነው። አውቶቡሱ መርካቶን ሲያልፍ ቋጠሮውን ፈታች። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በመስኮቱ የገባው ብርድ ጆሮዋን አገኘው። የሚያያት ሰው ካለ ብላ ዞር ዞር አለች፤ ሁሉም በየራሱ ጣጣ ተይዟል፣ ዞሮ ያያት የለም። እንዲያውም ይህ ነው ያናደዳት። አንድ ሰው እንኳ ቢገላምጣት መልሳ ታስረው ነበር።

የመደብሩ ባለቤት ሙሴ የሚባል አርመን ነው፤ የሚያዙት ግን ወይዘሮ ካሳነሽ ናቸው። ወፍራም፣ ቀጥ ያሉ፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት ያንጠለጠሉ ሴት።

«ምን ፈለግሽ?»

«ክረምቱን ሽያጭ መለማመድ ነው የምፈልገው።»

«ደመወዝ የለውም።»

«አልጠየቅሁም።»

«ምላስ አለሽ።»

«ለሻጭ ይጠቅማል ብዬ ነው፣ እትዬ።»

ወይዘሮ ካሳነሽ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። «ዓይንሽን ጨፍኚ» አሏት። ጣቶቿን ይዘው አንድ ጨርቅ ላይ አስቀመጡላት።

«ፖፕሊን።»

«ይሄስ?»

«ከፋይ።»

ሦስተኛውን ትንሽ አሸት አሸት አደረገችው። «ሐር ነው ይሉኛል፤ ግን አይደለም።»

አሁን ሳቁ። «ሙሴም በዚህ ተሸውዷል። ሰኞ በጠዋት ነዪ።»

ኮልፌ ሳትደርስ ሻሿን መልሳ አሰረች። ከፌርማታው እስከ ቤት ሮጠች።

«እማዬ! ተቀበሉኝ!»

ዘይቱና ቀና ብላ አየቻት። መጀመሪያ ፊቷን፣ ከዚያ ሻሿን። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ምንም አላሉሽም?»

«ምን ይሉኛል?»

«እንጃ» አለች እናቷ። «ግቢ፣ በስብሰሻል።»

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አቧራ በመወልወልና ጥቅል በመሸከም አለቁ። አልፊያ ግን ቅር አላላትም። ሰማያዊው ጋውን ረዝሟት እጅጌውን ሁለቴ ጠቅልላዋለች። አንድ ቀን ጠዋት ወይዘሮ ካሳነሽ ምንም ሳይሉ ቀይ ጥብጣብ ያለውን መቀስ አንገቷ ላይ አጠለቁላት። ከበዳት። ደስ የሚል ክብደት ነበር፤ በየደቂቃው በእጇ ትዳስሰዋለች።

ዝናቡ ሲበረታ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች። ሻሿን እስከ ግንባሯ አስራለች፤ በላዩ ነጠላ ደርባለች። የሚያብረቀርቀውን ወለል አየች፣ ጭቃ የያዘውን ጫማዋን አየች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ልታወልቅ ጀመረች።

«ኧረ ግድ የለም፣ በጫማዎ ይግቡ!» አልፊያ ከባንኮኒው ጀርባ ሮጣ ወጣች።

ሴትየዋ ገባች፤ ወለሉን በጣቷ ጫፍ ነበር የምትረግጠው። «እመቤት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አምስት ሜትር ነጭ ሐር ነበር የፈለግሁት። ለልጄ ኒካ።»

«እኔ ልጅዎ ነኝ፣ አንቺ ይበሉኝ።» አልፊያ ሳቅ ብላ ጥቅሉን አወረደች።

ሴትየዋ ትኩር ብላ አየቻት። «ሲስቁ... ስትስቂ የማውቃትን ሰው ትመስያለሽ። ኮልፌ ዘይቱና የምትባል ጨርቅ ሻጭ አለች። ለሁሉም ነገር እሷ ጋ ነው የምሄደው፤ ሐር ስለሌላት ነው እንጂ እዚህ ምን አመጣኝ። አንዳንዴ ልጇ መደቡ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ቁርጥ አንቺን።»

የአልፊያ እጅ ጥቅሉ ላይ ቆመ።

ሴትየዋ በራሷ ሳቀች። «አይ እኔ! የዘይቱና ልጅ ራሷን ገልጣ ፒያሳ ምን ትሠራለች? አትቀየሚኝ።»

አልፊያ «ልጇ እኔ ነኝ» ልትል ነበር። ወይዘሮ ካሳነሽ ከወዲያ ሆነው መነጽራቸውን አድርገው ያያሉ። መቀሱ አንገቷን ይከብዳታል።

ለዓመታት የተመኘችውን አደረገች፤ ሐሩን ወርውራ ዘረጋችው። እንዳሰበችውም ፈሰሰ። የእንጨቱን ሜትር እያጋደመች ለካች። አምስተኛው ሜትር ላይ ስትደርስ ጣቷ ምልክቱን አልፎ ሄደ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጣት። ኮልፌ ማንም ጨርቅ ሻጭ ልክ ምልክቱ ላይ አይቆርጥም፤ ያለ ምራቂ የተቆረጠ ጨርቅ እንደ ስድብ ነው። ለኒካ ሲሆን ደግሞ ምኑ ይነገራል! መቀሱን ገፋችው።

ሴትየዋ ትርፉን አይታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «አላህ ይስ...» ብላ ጀመረችና የአልፊያን ፀጉር አይታ ቃሏን አረመች፤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

ከወጣች በኋላም አልፊያ በሩን ስታይ ቆየች። ሴትየዋ ለእሷ ስትል ቃሏን መቀየር ነበረባት? ለእሷ?

«ነዪ እስቲ» አሉ ወይዘሮ ካሳነሽ። «አምስት ሜትር የት ላይ ያልቃል?»

«ምልክቱ ላይ።»

«አንቺስ የት ቆረጥሽ?»

«ምራቂ ነው፣ እትዬ።»

«የማን ምራቂ?»

«የእናቴ» አለች፤ ሳታስበው። «ኮልፌ ጨርቅ ትሸጣለች።»

«ይሄ ግን የእናትሽ ጨርቅ አይደለም። በሰው ጨርቅ ቸርነት የለም። ነገ እንነጋገራለን።»

ነገ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልፊያ ማታውን ሙሉ ስታስብ አመሸች። ሊያሰናብቷት ይሆናል። ከተሰናበተች በክረምት አጋማሽ ሌላ ቦታ የሚቀበላት የለም፤ ቦታ ከሌለ አሥራ ሁለተኛ የለም። በዚያ ላይ ሻሽ አስራ ብትሄድ ደግሞ ጭራሽ ያንን ሁሉ ነገር በገዛ እጇ ማበላሸት ነው። እናቷ ከወዲያ ማዶ ቁጭ ብላ ለነገ ገበያ ጨርቅ ትለያለች። ደረቅ እጆቿ እያንዳንዱን ጨርቅ ሲዳስሱ ታያቸዋለች። ዓይን ጨፍኖ ጨርቅ ማወቅ ከየት የመጣ ነበር?

በማግስቱ አውቶቡሱ መርካቶ ደረሰ፤ የአልፊያ እጅ ወደ ቋጠሮው ሄደ። ነካችው። ከዚያ አጠበቀችው።

ወይዘሮ ካሳነሽ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። አልፊያ ጋውኑን ሳትለብስ፣ መቀሱን ሳትነካ፣ መሃል ወለል ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ እኔ...»

«ጎበዝ» አሉ ሴትየዋ። «ዛሬ ልነግርሽ ነበር። ፀጉርሽ ነጩ ሐር ላይ ይረግፋል።»

አልፊያ ሻሿን ዳሰሰች። «ሻሽ የምታስር አትቀጥሩም አይደል?»

«ማን ያለው? ካንቺ በፊት እዚያ ቦታ የቆመችው ራውዳ እኮ ዓመታት ሙሉ በሻሽ ነው የሸጠችው። ባሏ ወደ ጅማ ስለተዛወረ ነው የሄደችው።» ጋውኑን ወረወሩላት። «ልበሺ፤ ደንበኛ ቆሟል። ምራቂሽን ግን ኮልፌ ተይው።»

ቅዳሜ ማታ አልፊያ ኮልፌ ፌርማታ ስትወርድ እናቷ ገና መደቡ ላይ ነበረች። አልፊያ ሳትጠራ ከጎኗ ተቀመጠችና ጨርቁን በሸራ መሸፈን ጀመረች።

«እሑድ እሑድ መደብሩ ዝግ ነው» አለች።

«ታዲያ ዕረፊያ።»

«ነገ አብሬሽ እቀመጣለሁ። መለካቱን ለኔ ተይልኝ።»

ዘይቱና ሸራውን ለማሰር ጎንበስ አለች፤ ቶሎ አልቀናችም። ቀና ስትል ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ይሄ ዝናብ» አለች። ዝናቡ ግን ቆሞ ነበር።

ዘይቱና ቀድማ ወደ ቤት ገባች፤ ሰብሌ ከአጎቷ ጫማ ቤት ስትመለስ ከአልፊያ ጋር ማዞሪያው ላይ ተገናኙ። አልፊያ ሁሉንም ነገረቻት፤ አውቶቡሱን፣ ሐሩን፣ ራውዳን።

«ያንቺ ወሬ ደግሞ!» አለች። «ያ ስም የለሽ ሰውዬሽ ቢገኝ ጆሮውን ነበር የምጠመዝዘው።»

ሰብሌ አልሳቀችም። የጫማዋን ጭቃ በድንጋይ ትፍቅ ነበር፤ መፋቁን ተወችው።

«አትናገሪ ስላሉኝ ነው እንጂ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እናትሽ ናቸው። ‹ሻሽ የምታስር አይቀጥሩም በያት፤ ያኔ እኔ ጋ ትቀመጥልኛለች› አሉኝ። ታወልቀዋለሽ ብለው መች አሰቡ።»