መስኮቱን ከዘጋሁት በኋላ

እኔ መንፈስ፣ ጥላ፣ ምናምን ሲወራ ሳቄ የሚመጣ ሰው ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚውል ሰው ለሁሉም ነገር ምክንያት አለው ብሎ ነው የሚያስበው፣ ይሄን ግን እመኑኝ፣ በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ያኔ ሐዋሳ ፒያሳ፣ አንድ ፎቅ ላይ ትንሽ ቢሮ ተከራይተን ከታምራት ጋር እንሠራ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ጓደኛዬ ነው፣ ወንድሜ ብል ይቀለኛል። ለመናኸሪያው ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም እየሠራን ነበር፣ አውቶቡስ ሊነሳ ሲል በድምፅ ማጉያ የሚጣራ፣ "የዲላ ተሳፋሪዎች፣ መኪናችሁ ሊነሳ ነው" የሚለው ራሱ ታምራት ነው፣ ድምፁን የቀዳሁት ደግሞ እኔ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ "ይርጋለም እናቴን ጠይቄ ልምጣ" ብሎኝ ወጣ። ብቻዬን ፕሮግራሙን ስሞክር ስክሪኑ ላይ ያለውን መስኮቱን ዘጋሁት፣ ድምፁ ግን "የዲላ ተሳፋሪዎች" ማለቱን ቀጠለ። አልደነገጥኩም። ጃቫ ውስጥ አንድ ነገር የሚሞተው የያዘው ሁሉ ሲለቀው ነው፣ ትሬድ የምንለው ከጀርባ የሚሮጥ ሌላ ሥራ ይዞት ከቀረ ግን፣ ሞተ ያላችሁት ነገር ሲጠሩት "አቤት" ይላል። ታምራት ማስለቀቁን ረስቶታል ብዬ አስተካከልኩት፣ እንደገና ከፍቼ ዘጋሁት። ጸጥ አለ።

ትንሽ ቆይቶ ከስፒከሩ ትንፋሽ ሰማሁ፣ ሰው ሊናገር ሲል የሚስበው ዓይነት። ፕሮግራሙ እየሠራ እንደሆነ ብዬ አየሁ፣ የለም፣ ጠፍቷል። ገመዱን ልነቅል እጄን ስዘረጋ፣

"ሂሩትዬ" ብሎ ጠራኝ የታምራት ድምፅ፣ "ይቅር በዪኝ፣ ይዤው ሄጃለሁ።"

ማርያምን! እንዲህ የሚል ነገር ቀድቼ አላውቅም።

ወዲያው ሞባይሉ ላይ ደወልኩ። አነሳው፣ ከኋላው የመኪና ሞተር ይሰማል።

"ታሜ፣ ምንድነው ይዘህ የሄድከው?"

ቀስ ብሎ፣ "ማን ነገረሽ?" አለኝ።

"አንተው ነሃ!"

"እኔ? ለሰው ትንፍሽ አላልኩም እኮ!" ድምፁ ፍርሃት ፍርሃት አለው። "አጠገብሽ ማነው ያለው?"

"ማንም የለም።"

"ታዲያ ይሄ የሚያወራው ማነው?" አለና ስልኩን ዘጋው።

በኋላ ነው የሰማሁት፣ ይርጋለም አልሄደም፣ አዲስ አበባ ነው የገባው፣ የለፋንበትን ሁሉ የራሱ ብቻ አድርጎ ለሌላ ድርጅት ሰጠው። አንድ ሰሐን ላይ አብሬው የበላሁት ሰው! እሱንስ እንደምንም ዋጥኩት። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ልጠይቀው እፈልጋለሁ፣ ቁጥሩን ቀየረብኝ እንጂ፣ በስልኩ ከእኔ አጠገብ ሲያወራ የሰማው ማን ነበር? እኔ በዚያ ሰዓት ምንም ድምፅ አልሰማሁም።